የአርባ አንድ ቁጥር ቅባት

ሰኞ፣ የጥናቱ ስድስተኛ ሳምንት

ይህን ደብተር የጀመርኩት ለሰው የማልነግረው ነገር ስለበዛብኝ ነው። ነርስ ነኝ፤ በቆዳ ሕክምና ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ከወር ተኩል ወዲህ ደግሞ ፕሮፌሰሯ በሚመሩት ጥናት ላይ ተመድቤአለሁ። ችፌ ያለባቸው ስድሳ አራት ልጆች ናቸው። ግማሾቹ አዲሱን ቅባት ይቀባሉ፤ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበትን ባዶ ቅባት። ቲዩቦቹ ሁሉም ነጭ ናቸው፤ ቁጥር ብቻ ነው የተለጠፈባቸው። የትኛው ቁጥር የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው የጥናቱ ፋርማሲስት ብቻ ነው፤ የእያንዳንዱን ቁጥር ምስጢር በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ ቆልፎበታል። እኔ አላውቅም፤ ፕሮፌሰሯም አያውቁም።

ዛሬ አንዷ እናት «ሲስተር፣ በሞቴ፣ የኔ ልጅ የቱን ነው የሚቀባው?» እያለች ስትለማመጠኝ ፕሮፌሰሯ ከኋላዋ ሰሟት። «የኔ እመቤት፣ ዓይን ውሸታም ነው፤ ሊያይ የፈለገውን ያያል። ቁጥር የምንለጥፈው ለዚያ ነው» አሏት። ከዚያ ወደኔ ዞረው ፈገግ አሉ። ፈገግታቸውን መመለስ አቃተኝ፤ ካርድ የምፈልግ መስዬ አጎነበስኩ።

ምክንያቱን ልጻፈው። አርባ አንድ ቁጥር የእህቴ ልጅ ናት።

ማክሰኞ

ደንቡ ግልጽ ነው፤ የሠራተኛ ዘመድ በጥናቱ አይገባም። ያስገባኋት እኔ ነኝ። የአባቷ ስም ከኔ ጋር ስለማይገናኝ ማንም አልጠረጠረም። እህቴን እታለምን «ክሊኒክ ስትመጪ በስሜ እንዳትጠሪኝ፤ ሲስተር በይኝ» ብያት ነበር። ሳቀች። «ሲስተር ማለት እህት አይደል እንዴ? ታዲያ የቱ ጋ ነው የዋሸነው?» አለችኝ።

እታለም ታላቄ ናት። እናታችን ስትሞት እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ እሷ አሥራ ዘጠኝ። የሚነቃነቅ ጥርሴን በክር አስራ የነቀለችልኝ፣ ነርስ ትምህርት ቤት የገባሁ ቀን እስከ በሩ እጄን ይዛ የሸኘችኝ እሷ ናት። ልጅ የወለደችው ተስፋ ከቆረጠች በኋላ፣ በአርባ ዓመቷ ነው። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ከወሩ ሦስቱን ሳምንት መንገድ ላይ ነው።

ልጅቱን ከቅጥነቷ የተነሣ ጭራሮ ነው የምንላት። አምስት ዓመቷ ነው። ችፌው ክርኗ እጥፋት ላይ፣ ከጉልበቷ ጀርባ፣ አንገቷና ጉንጮቿ ላይ ነው። በዚህ ብርድና ደረቅ ነፋስ ቆዳዋ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ ማከክ፣ ከዚያ ደም። እታለም ስታስተኛት እጆቿ ላይ ካልሲ ታጠልቅላታለች፤ ጭራሮ በጥርሷ ታወልቀዋለች። «ስትቧጥጥ ሣጥን ውስጥ አይጥ የገባ ነው የሚመስለኝ» ትላለች እታለም። ይህን ስትል ትስቃለች፤ ዓይኗ ግን አይስቅም።

ስድስት ሳምንት ሙሉ ለውጥ የለም። የችፌውን ክብደት የምንሞላበት የነጥብ ወረቀት ከሃያ ስምንት ወደ ሃያ ሁለት ወርዷል ይላል። ወረቀት ምን አለበት! አብሯት አያድር።

ሐሙስ

አሥራ ሰባት ቁጥር የአንዲት ልብስ ሰፊ ልጅ ነው። ሲመጣ እንደ ዛፍ ቅርፊት የነበረው ክንዱ ዛሬ ለስልሶ ያበራል። እናቱ ሌላ ከተማ ሥራ ስላገኘች ከጥናቱ ወጡ። ያልተከፈቱ ሁለት ቲዩቦች መለሰችልኝ። የተመለሰ ቲዩብ ተቆጥሮ፣ ተመዝግቦ ለፋርማሲስቱ ይሰጣል።

ክንዱን ደጋግሜ ዳሰስኩት። በስድስት ዓመት ልጅ ቀናሁ። እንዲህ ያለች ሴት ነኝ ለካ።

መዝገቡ ላይ «የተመለሰ፦ አንድ» ይላል። ጽሕፈቱ የኔ ነው።

ቅዳሜ

እታለም ቤት ነበርኩ። ብዙ አልቆየሁም። ጭራሮ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ጉንጮቿንም ዓይኖቿንም አገላብጬ ሳምኳት። «ከዛሬ ጀምሮ ይሄኛውን ቀቢያት፤ አዲስ የመጣ ነው» ብዬ የድሮውን ቲዩብ ይዤ ወጣሁ። እታለም ምንም አልጠየቀችኝም። እኔን ጠይቃ አታውቅም።

ከጠዋት ጀምሮ ከንፈሬን ይበላኛል። ነፋሱ ይሆናል።

ሰኞ፣ ሰባተኛ ሳምንት

ከንፈሬ ላይ ምች ወጣ። ቀኑን ሙሉ ማስክ አድርጌ ዋልኩ።

ፋርማሲስቱ መዝገቡን ይዞ መጣ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቀልደኛ ሰው ነው።

«ሲስተር፣ አሥራ ሰባት ቁጥር ሁለት ወስዶ አንድ ነው የመለሰው?»

«ጨርሰውት ይሆናላ።»

«በአሥር ቀን? ዳቦ ላይ ቀብተው በልተውታል በይኛ!»

ሳቅኩ። ማስኩ ባይኖር ኖሮ ምን ዓይነት ሳቅ እንደሆነ ያይ ነበር። «ደውዬ እጠይቃታለሁ» አልኩት። «ጠይቂያት፤ እኔ ግራም ሲጎድል እንቅልፍ አይወስደኝም» ብሎኝ ሄደ።

አልደወልኩም።

ረቡዕ፣ በምሳ ሰዓት

የፋርማሲስቱ አንድ ጫማ ይጮኻል። በኮሪደሩ ሲጮኽ የጀመርኩትን ትቼ አዳምጣለሁ። አርባ አንድ ቁጥር ቲዩብ ቁም ሣጥኔ ውስጥ በፎጣ ተጠቅልሏል። ብጥለው የጽዳት ሠራተኛዋ ታየው ይሆናል። ብመልሰው ምን ብዬ? ሁለት ጊዜ ቁልፉን ፈትሼ መጣሁ። አሁን ሦስተኛ ልሄድ ነው።

ዓርብ

ጭራሮ የምትታይበት ቀን ነበር። ልብሷን ሳወልቅላት ክው አልኩ። የክርኗ እጥፋት ጥሬ ሥጋ መስሏል። ነጥቡን የሰጧት ፕሮፌሰሯ ራሳቸው ናቸው፤ ሠላሳ አንድ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ።

«ምን ነካት ይቺ ልጅ? እየተሻላት አልነበረም እንዴ? ቅባቱን በትክክል እየቀቡላት ነው እናት?»

እታለም ተቆጣች። «ምን ማለትዎ ነው? ጠዋትና ማታ! እኔ ራሴን ሳልቀባ ነው እሷን የምቀባት።»

ፕሮፌሰሯ ወደኔ አዩ። «ሲስተር፣ አርባ አንድን በዓይንሽ ያዥልኝ» አሉኝ።

አዲስ ቅባት ሲጀመር አንዳንዴ ያባብሳል። ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። መቼ እንዳየሁ ግን ትዝ አይለኝም።

እታለም ስትወጣ በሩ ላይ ጠጋ ብላ «አንቺ ካለሽ አልፈራም» አለችኝ። ካርዷን ዘግቼ ቀጣዩን ልጅ ጠራሁ።

ሰኞ፣ ስምንተኛ ሳምንት፣ ጠዋት

እታለም ደወለች። ትኩሳት። ፊቷ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ወጥቷል። «ቶሎ ነይ» አለች። ታክሲ ውስጥ ነኝ። መኪናው ይዘላል፣ ጽሑፌን ይቅር በለው። ችፌ ላይ መግል የያዘ እንደሆነ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ሌላ አይደለም።

ሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ፣ የሕፃናት ክፍል ኮሪደር

ከጠዋቱ ጀምሮ የሆነውን እንደሆነው ልጻፍ።

ጭራሮን ሕፃናት ክፍል አስገባናት። ትኩሳቷ ሠላሳ ዘጠኝ ከስምንት። ጉንጯ፣ አንገቷና ግንባሯ ላይ ትናንሽ ውሃ የቋጠሩ ፊኛዎች ወጥተዋል፤ ሁሉም እኩል፣ ሁሉም ክብ፣ አንዳንዶቹ ፈርጠው ጉድጓድ ሆነዋል። የግራ ዓይኗ ቆብ አብጦ ተዘግቷል። አታለቅስም። ያስፈራኝ እሱ ነው፤ እንደ ደከመው ሽማግሌ ታቃስታለች።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ድካሙ ፊቱ ላይ ይነበባል፣ ግን ጥንቁቅ ነው። ቁስሉን በባትሪ እያየ ጠየቀ።

«ሰሞኑን ቤት ውስጥ ምች የወጣበት ሰው ነበረ? ከንፈሩ ላይ የቆሰለ?»

እታለም «ማንም የለም። እኔና እሷ ብቻ ነን፤ አባቷ መንገድ ላይ ነው» አለች።

«እርግጠኛ ነዎት? የሳማት ሰው የለም?»

«ዶክተር፣ እኔ ልጄን ማንም እንዲስማት አልፈቅድም።»

እኔ ከአልጋው ግርጌ ቆሜ ነበር፣ በማስኬ። ሐኪሙ ቀና ብሎ አየኝ፤ ነርስ መሆኔን አውቋል። አጠገቤ ያለውን የአልጋ ብረት ጨብጬ ዝም አልኩ።

«እንግዲያው የችፌው ቁስል በባክቴሪያ ተመርዞ ይመስለኛል። ናሙና እንልካለን፤ ውጤቱ ነገ ይደርሳል። እስከዚያ አንቲባዮቲክ እንጀምር» አለ። ጀመሩላት።

አንድ ሰዓት አለፈ። ፊኛዎቹ ወደ ዓይኗ ጫፍ ሲጠጉ አየሁ፤ ጠዋት ሰባት ነበሩ፣ ሁለተኛ ስቆጥር አሥራ ሁለት። እታለም እግሯን እያሸች «አይዞሽ የኔ ጭራሮ፣ አክስትሽ አለች፤ አክስትሽ እያለች ምን ትሆኛለሽ» ትላታለች። በየቃሉ እየተወጋሁ ቆምኩ።

ከዚያ ሁለት ሰዓት አለፈ። ለምን እንደቆየሁ ልጻፍ ብዬ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሰርዤዋለሁ።

ሐኪሙን ተከትዬ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁና መንገዱን ዘጋሁበት።

«ዶክተር፣ የምች ቫይረስ መድኃኒቱን ጀምርላት። ውጤቱን አትጠብቅ።»

«ምን አገኘሽ?»

ማስኬን ዝቅ አደረግሁ። ቅርፊቱ ገና አልወደቀም። አየው።

«ስመሻታል?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ጠዋት ስጠይቅ ቆመሽ ነበር እኮ፣ ሲስተር» አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ቢጮኽብኝ በወደድኩ። ዞሮ እየሮጠ ገባ። መድኃኒቱ በደም ሥሯ መግባት የጀመረው በአሥር ሰዓት ነው። የዓይን ሐኪምም ተጠርቷል።

ለእታለም ምን ብሎ እንደነገራት አላውቅም። በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ።

ማክሰኞ

የዓይን ሐኪሟ መጥታ አየቻት። ብሌኗ አልተነካም። «ግማሽ ቀን ብትቆዩ ኖሮ ሌላ ወሬ እናወራ ነበር» አለች ለእታለም። እታለም እጇን ሳመቻት። እኔ መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ።

ትኩሳቱ ወርዷል። ጭራሮ ውሃ ጠጣች።

ሐኪሙ ለእታለም የነገራት «ከምች ነው፤ ከሆነ ሰው ተላልፎባት ነው» ብሎ ብቻ ነው። ማን እንደሆነ አልተናገረም። ለኔ ትቶልኛል። እታለም ግን መልሱን ራሷ አገኘችው። «የመዋዕለ ሕፃናቷ መምህር ናት! ባለፈው ሳምንት አፏ ጥግ ላይ ቁስል አይቼባታለሁ። ልጆቹን ሁሉ እየሳመች ነው የምትቀበለው። ቆይ ብቻ!»

«መምህሯ ላትሆን ትችላለች» አልኩ።

«ታዲያ ማን ሊሆን ነው?»

ለዚህ መልስ ነበረኝ።

ረቡዕ

ፕሮፌሰሯ አርባ አንድን ሊጠይቁ ወደ ክፍሉ መጡ፤ የጭራሮን ልብስ ስሰበስብ አገኙኝ።

«አብረሻቸው መጣሽ?»

«ሰፈርተኞች ነን» አልኩ።

እታለም መስኮቱ ጋ ነበረች፤ ሰማች። ቀና ብላ አየችኝና ዓይኗን ሰበረች። ዘመድነታችን ስለማይነገር ነው ብላ ተረድታኝ ይሆናል። ይሆናል።

ከምሳ በኋላ ስብሰባ ነበር። አንድ ልጅ በጠና ሲታመም ደንቡ የዚያን ቁጥር ፖስታ መክፈት ነው። ፋርማሲስቱ አምጥቶ ከፈተው። አርባ አንድ አዲሱ ቅባት ነው። መድኃኒቱ።

ጆሮዬ ጭው አለ። ከዚያ በኋላ የተባለውን በግማሽ ነው የሰማሁት። «ቅባቱ የቆዳዋን መከላከያ አዳክሞት ቢሆንስ?» «ቫይረሱ እንደዚያ የተሰራጨው ለምንድን ነው?» «ሌሎቹስ ልጆች?» ፕሮፌሰሯ እስክሪብቶአቸውን ጠረጴዛው ላይ ሲያሽከረክሩ ቆዩ። በመጨረሻ «ጥናቱ ይቁም። ቲዩቦቹ ሁሉ ይሰብሰቡ» አሉ።

ጭራሮ ያን ቅባት መቀባት ካቆመች ሁለት ሳምንት ሊሞላ ነው። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ሐሙስ

ለእናቶቹ ስደውል ዋልኩ። «ቅባቱን አቁሙ፤ ይዛችሁ ኑ።» ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚጠይቁት፤ ምን ተገኘበት? «ለጥንቃቄ ነው» እላለሁ። ስልክ ስዘጋ የእጄ ላብ እጀታው ላይ ይቀራል።

ሰኞ፣ ዘጠነኛ ሳምንት

መንታ ልጆቿ በጥናቱ ያሉ እናት ቲዩቦቿን ይዛ መጣች፤ አልሰጥም አለች። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች።

«ሲስተር፣ ይቺኛዋ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ተኝታለች። አንድ ሕፃን ታመመ ብላችሁ የኔን ወደዚያ ሲኦል ትመልሷታላችሁ?»

«ትእዛዝ ነው እናቴ።»

«አንቺ አይተሻት የለ? ንገሪያቸዋ! አንቺ ጥሩ ሰው ነሽ።»

በመጨረሻ ሰጠችኝ። ልጅቱ መዝጊያው ላይ ተደግፋ ክርኗን ትዳስስ ነበር፤ ቀና ብላ አላየችኝም።

እታለም ማታ ደውላ ነበር። መዋዕለ ሕፃናቱ ድረስ ሄዳ፣ መምህሯን ወላጆች ፊት ሰድባት ተመልሳለች። «አስለቀስኳት!» አለችኝ። የደስታ ድምፅ አልነበረም፤ ግን ቀሏታል። ጭራሮንም ከዚያ አስወጥታታለች። «ደግ አደረግሽ» አልኳት። አፌ ነው ያለው።

ረቡዕ

ጭራሮ ከሆስፒታል ወጣች። ጉንጯ ላይ ስድስት ትናንሽ ጉድጓዶች ይቀራሉ ብለዋል። መስታወት አይታ «ዝናብ የመታው አሸዋ መስያለሁ» አለች።

ምግብ አይወርድልኝም። እንጀራዬ ከቆዳ ነው፤ ለስንቱ ሰው «አትደብቂ፣ የተደበቀ ቁስል ነው የሚበላሽ» ስል ኖሬያለሁ። ቢሮ ስገባ ሰዎች ዝም ያሉ ይመስለኛል። ስልክ ሲጠራ ሌላ ሰው እንዲያነሳው እጠብቃለሁ። ፋርማሲስቱ ዛሬ ሊያናግረኝ ፈልጎ ነበር፤ «ሥራ ይዣለሁ» ብዬ ሸሸሁት። ከሥራ መባረሩን እፈራለሁ፤ ነርስነቴን መነጠቁን እፈራለሁ። ከሁሉም በላይ የምፈራውን ግን አውቀዋለሁ፤ እታለም እንዴት አድርጋ እንደምታየኝ።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ስለ ራሴ ብቻ ነው የጻፍኩት። አሁን መልሼ ሳነበው ነው ያየሁት።

ዓርብ

ነገርኳቸው።

ጠዋት፣ ሌላው ሰው ሳይገባ፣ የፕሮፌሰሯን በር አንኳኳሁ። ኮታቸውን ገና አላወለቁም ነበር። ቁም ሣጥኔ ውስጥ የነበረውን ቲዩብ ከነፎጣው ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። ስለ ዘመድነታችን፣ ስለ አሥራ ሰባት ቁጥር፣ ስለ መዝገቡ፣ ሁሉንም። አረፍ በይ አላሉኝም፤ እኔም አልተቀመጥኩም።

ስጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ጥናቱ ከቆመ ስንት ቀን ሆነው?»

«ዘጠኝ ቀን።»

«ዘጠኝ ቀን። ስድሳ ሁለት ልጆች» አሉ። በጣታቸው ጠረጴዛውን አንዴ መቱ። «ለልጅቷ ብለሽ ማድረግሽ ይገባኛል። እኔም አክስት ነኝ። ዘጠኙ ቀን ግን አይገባኝም።»

እኔም አይገባኝም አልልም፤ ይገባኛል። ፈሪ ነኝ።

ፋርማሲስቱን አስጠሩት። ጫማው በኮሪደሩ ሲጮኽ ለመጀመሪያ ጊዜ አልደነገጥኩም። ነገሩን ሲሰማ ቀልዱ ሁሉ ከፊቱ ተገፈፈ። «እኔ እኮ ፋርማሲዬ ውስጥ ሌባ አለ ብዬ ረዳቴን ስጠረጥር ነበር» አለኝ። የአሥራ ሰባትን ፖስታ አምጥቶ በፕሮፌሰሯ ትእዛዝ ከፈተው። አነበበው። ለሳቸው ሰጣቸው። እሳቸው ለኔ አቀበሉኝ።

አሥራ ሰባት ባዶው ቅባት ነው።

ባዶው። የልብስ ሰፊዋን ልጅ ያዳነው መድኃኒት አልነበረም፤ በራሱ ጊዜ የተሻለው ልጅ ነው፤ ችፌ እንዲህ ያደርጋል፣ ይመጣል ይሄዳል። የጭራሮ ሃያ ስምንት ሃያ ሁለት የሆነው እየዳነች ስለነበር ነው። ከእጇ ላይ መድኃኒቷን ነጥቄ ባዶ ሰጠኋት። ቆዳዋ ተከፈተ። በተከፈተው ላይ ደግሞ ሳምኳት።

ፕሮፌሰሯ ወንበር ሳቡልኝ። ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ «ውሃ ስጧት» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ከዛሬ ጀምሮ ከሥራ ታግጃለሁ። ኮሚቴ ይጠራኛል። ጥናቱ ይቀጥል አይቀጥል ገና ይወስናሉ፤ «አሁን ቢያንስ እውነተኛ ነገር ይዘን እንወስናለን» አሉ ፕሮፌሰሯ። ስወጣ ባጄን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ።

ቅዳሜ

እታለም ቤት ሄድኩ። አንሶላ እያጠበች ነበር። ጭራሮ ወለሉ ላይ ተቀምጣ በጠመኔ ትሞነጫጭራለች። «ወደ ውስጥ እንግባ» አልኳት። መኝታ ቤቱ ገብተን በሩን ዘጋን። ቆሜ ነገርኳት። ከምቹ ጀመርኩ፤ እሱ ነው የከበደኝ፤ ስለዚህ አስቀደምኩት።

እጇ ላይ አረፋ ነበር። አረፋው ወለሉ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

«መምህሯ አይደለችም» አለች በመጨረሻ።

«አይደለችም።»

«ደግ አደረግሽ አልሽኝ እኮ።»

«አልኩሽ።»

«ሐኪሙ ሲጠይቀኝ እዚያው ነበርሽ። የልጄ ዓይን...» አልጨረሰችውም። ትመታኛለች ብዬ ነበር፤ ምነው በመታችኝ። ፎጣ አንስታ እጇን ቀስ ብላ፣ ጣት በጣት አደረቀችው።

«ተነሺ» አለችኝ፣ ቆሜ ሳለሁ። «ጫማሽን አድርጊ።»

ጭራሮን ጎረቤት አስቀምጠን መምህሯ ቤት ሄድን። መንገዱን ሙሉ ሁለት እርምጃ ቀድማኝ ነው የሄደችው። በሩን የከፈተችልን ራሷ መምህሯ ናት፤ ገና ሃያ ምናምን ዓመት የሚሆናት ልጅ። እታለምን ስታይ ወደኋላ ሸሸች። እታለም «ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት፤ ያለ ጥፋትሽ ሰው ፊት አዋረድኩሽ። ሰኞ ጠዋት ያንኑ ወላጆች ፊት እደግመዋለሁ» አለቻት። ከዚያ ወደኔ ሳትዞር «አንቺ ደግሞ ንገሪያት» አለች።

ነገርኳት። ለማላውቃት ልጅ፣ ደጃፍ ላይ ቆሜ። መምህሯ አለቀሰች። «እኔ እኮ በእውነት የኔ መስሎኝ ነበር። አፌን ሦስት ጊዜ ሐኪም አሳየሁ» አለች።

ስንመለስ እታለም መገንጠያው ላይ ቆመች። «ከዚህ ወዲህ አትምጪ፤ እኔ እስክጠራሽ» አለችኝ።

ማክሰኞ

አልደወለችም።

ሰኞ

ኮሚቴው ጠራኝ። አምስት ሰዎች። ሁሉንም ደገምኩት። በጥናት ላይ ሁለተኛ እንዳልመደብ፣ ለስድስት ወር ከነርስነት እንድታገድ ወሰኑ። ከዚያ የከፋ ጠብቄ ነበር። ጥናቱ ተጀምሯል፤ የመንታዎቹ እናት ቲዩቦቿን መልሳ ወስዳለች ብሎ የነገረኝ ፋርማሲስቱ ነው፤ በር ላይ አግኝቶኝ። አልጨበጠኝም፤ ግን ነገረኝ።

ሐሙስ

አልደወለችም። ስልኩን ትራሴ ሥር አድርጌ እተኛለሁ። ሲጠራ እፈራለሁ፤ ሳይጠራም እፈራለሁ።

እሑድ

ከሃያ ሁለት ቀን በኋላ ዛሬ ጠዋት ደወለች። ሰላምታ የለም። «እጄን በፈላ ውሃ አቃጠልኩት፤ ተጠቅልሏል። የሚቀባት ሰው የለኝም። ነይ» ብላ ዘጋችው።

በሩን ስትከፍትልኝ ግራ እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ ነበር። ፊቴን አልነበረም ያየችው፤ ከንፈሬን ነው።

«እጅሽን ታጠቢ። ጓንት አድርጊ። ማስክሽንም።»

እስከ ክርኔ ታጠብኩ። ጭራሮ አልጋው ጫፍ ላይ እግሯን እያወዛወዘች ተቀምጣለች። የጉንጮቿ ጉድጓዶች ሮዝ ሆነዋል፤ የክርኗ እጥፋት ግን ቆዳ ይዟል። ፕሮፌሰሯ ከጥናቱ ውጪ ያዘዙላትን ቅባት እታለም ራሷ ከፍታ ጓንቴ ላይ ጨመቀችልኝ። ቲዩቡን አልሰጠችኝም። ከበላዬ ቆማ እያንዳንዷን የጣቴን እንቅስቃሴ ታያለች። ማስኩ ከዓይኔ በታች ራሰ።

«አክስቴ፣ ለምንድን ነው የምታለቅሺው?» አለች ጭራሮ።

«ቅባቱ ዓይኔ ገብቶ ነው የኔ ቆንጆ።»

«አትዋሺባት» አለች እታለም።

ጣቴን ከክንዷ ላይ አነሳሁ።

«ፈርቼ ነው» አልኳት ጭራሮን። «እንዳላሳምምሽ ፈርቼ ነው።»

ጭራሮ ትንሽ አሰበች። የተቀባውን ክንዷን አየችው፣ እናቷን አየች፣ ከዚያ ሌላኛውን ክንዷን ዘረጋችልኝ።